ኪሎ የማይጠየቅበት ግልቢያ

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ሆኖ ሮክ ኦፍ ጅብራልታር የሚለውን ስም ያልሰማ ይኖራል ብሎ ማመን ይቸግራል። ተጫዋች አይደለም፣ ፈረስ ነው። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ግማሹ የእኔ ነው ብለው ከአየርላንዳዊው የፈረስ ባለሀብት ከጆን ማግኒየር ጋር እ.ኤ.አ. በ2003 የተካሰሱበት ፈረስ። ክሱ በ2004 በስምምነት ተዘጋ። ይሁን እንጂ ማግኒየርና ባልንጀራው ጄ.ፒ. ማክማነስ በወቅቱ የክለቡ ትልልቅ ባለአክሲዮኖች ነበሩና በሜይ 2005 የያዙትን 28.7 በመቶ ድርሻ ለማልኮም ግሌዘር ሸጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቀያይ ሰይጣኖቹ ደጋፊ መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ስለ ፈረሱ ይህን ያህል ሲወራ ማን ጋለበው ብሎ የጠየቀ ግን እምብዛም የለም። በ2002 ኒውማርኬት ላይ "2000 ጊኒስ" የሚባለውን ትልቅ ውድድር ሲያሸንፍ ኮርቻው ላይ የነበረው አየርላንዳዊው ጆኒ ሙርታ ነው። ሙርታ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ጆኪዎች አንዱ ነበር፤ የሥራ ዘመኑን የጨረሰው ግን ከሌሎች ጋላቢዎች ጋር ብቻ ሳይሆን ከሚዛን ጋርም እየታገለ ነው። በ2014 ጫማውን ሲሰቅል (እርካቡን ሲሰቅል ብንል ይሻላል መሰለኝ) ክብደቱን መቆጣጠር እየከበደው መምጣቱ ከምክንያቶቹ ዋነኛው ነበር።

የዛሬው ጉዳያችን ይሄው ኪሎ ነው። ኳስ ተጫዋች ቢወፍር ምን ይሆናል? ኤደን አዛር እ.ኤ.አ. በ2019 ሪያል ማድሪድ ሲገባ በክረምቱ እረፍት አምስት ኪሎ መጨመሩን ራሱ ተናግሯል። ጋዜጦች ቀለዱበት፣ ደጋፊው አጉረመረመ፣ ኮንትራቱ ግን ኮንትራት ነው፤ ደመወዙ አልቀረበትም። ጆኪ አምስት ኪሎ ቢጨምር በማግስቱ ሥራ የለውም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ይሄ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። አገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ ያላት፣ በአፍሪካ በፈረስ ብዛት ከቀዳሚዎቹ የምትሰለፍ አገር ናት። በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ዛሬም በጥር ወር ሜዳው በፈረስ ኮቴ ይደበደባል። እዚያ ግን ጆኪ የሚባል ሙያ የለም፣ ሚዛንም የለም። ጉግስና ሽርጥ ደግሞ ከባህል ስፖርቶች ተቆጥረው በብሔራዊው የባህል ስፖርቶች ውድድር ገብተዋል። ዋንጫና ሽልማት በመጣበት ሁሉ ኪሎ ተከትሎ ይመጣል። ከመምጣቱ በፊት ብንነጋገርበት ምን አለበት?

ግማሽ ኪሎ ያሸነፈው ሰው

መጀመሪያ የፈረንጆቹን እንይ። እንግሊዝ አገር ጆኪ ከውድድሩ በፊት ኮርቻውን ታቅፎ ይመዘናል። ሲመለስ ደግሞ ከፊት የገቡት እንደገና ይመዘናሉ፤ ሲሄድ የያዘውን ኪሎ ይዞ ካልተመለሰ ድሉ ይሰረዝበታል። ለፈረሱ የተመደበው ጭነት 57 ኪሎ ሆኖ ጋላቢው ከነኮርቻው 54 ቢመዝን፣ የጎደለው ሦስት ኪሎ በእርሳስ ተሞልቶ ከኮርቻው ሥር ባለው ጨርቅ ኪስ ውስጥ ይገባል። ጥቂት ከበለጠ ለተወራራጁ ሕዝብ ይነገርና ትርፉን ተሸክሞ ይሮጣል። ብዙ ከበለጠ ግን የፈረሱ ባለቤት ስልክ አንስቶ ሌላ ሰው ይጠራል።

በየሰፈሩ ባለው የውርርድ ቤት ትኬት የሚቆርጥ ልጅ "ሃንዲካፕ" የምትለዋን ቃል አሳምሮ ያውቃታል። ለደካማው ቡድን አንድ ጎል በባዶ ሰጥቶ ማስጀመር ማለት ነው። ይህቺ ቃል ወደ ኳስ ከመምጣቷ በፊት የፈረስ ሜዳ ቃል ነበረች። እዚያ የሚሰጠው ጎል አይደለም፣ ኪሎ ነው። ጎበዙ ፈረስ ከበድ ያለ ጭነት ይጫንበታል፣ ደካማው ይቀልለታል፣ ሁሉም መስመሩ ላይ እኩል እንዲደርሱ ይሞከራል። ቀላል የተፈረደለት ፈረስ ታዲያ ቀላል ሰው ይፈልጋል። እንቅፋት በሌለበት የሜዳ እሽቅድድም ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ዝቅተኛው ጭነት 8 ስቶን ከ2 ፓውንድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 51.7 ኪሎ። ያውም ከነኮርቻው።

ይህን ቁጥር ከምናውቀው ሰው ጋር እናስተያየው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሪከርድ በሚያረግፍበት ዘመን ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 56 ኪሎ አካባቢ ነበር። ኃይሌ እንኳ ለታችኛው ምድብ ወፍራም ነው ማለት ነው! ኃይሌ ደግሞ ኪሎው የወረደለት እየሮጠ፣ እየበላ ነው። የጆኪው ኪሎ የሚወርደው በሌላ መንገድ ነው፦ በሳውና፣ በፈላ ውኃ ገንዳ፣ ላስቲክ ልብስ ለብሶ በመሮጥ፣ ቁርስም ምሳም በመተው፣ ሽንት በሚያሸና መድኃኒት፣ አንዳንዱም የበላውን መልሶ በማስወጣት። አሜሪካ ውስጥ በጆኪዎች መልበሻ ክፍል ለማስታወኪያ ተብሎ የተሠራ ገንዳ የነበረባቸው ሜዳዎች ነበሩ።

የዚህ ሙያ አሳዛኝ ታሪክ ሁሌም ከፍሬድ አርቸር ይጀምራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ 13 ጊዜ የዓመቱ ኮከብ ጆኪ የሆነ ሰው ነው። ቁመቱ ረጅም ነበር፣ ለጆኪ የማይሆን። እ.ኤ.አ. በ1886 መከር ላይ ካምብሪጅሻየር በሚባለው ውድድር ሴንት ሚሪን የተባለ ፈረስ እንዲጋልብ ተመረጠ። ለዚህ ሲል ቀናት ጾሞ ወደ 54 ኪሎ ወረደ፤ እንዲያም ሆኖ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ትርፍ ተገኘበት። ፈረሱ በጭንቅላት ልዩነት ተሸነፈ። በረሃብ የደከመ ሰውነቱ ብዙም ሳይቆይ ታመመ፣ ትኩሳት አናቱ ላይ ወጣ፣ በኖቬምበር 8 ቀን ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። 29 ዓመቱ ነበር። ሚስቱም ከሁለት ዓመት በፊት በወሊድ ሞታ ነበርና ኪሎው ብቻ ገደለው ማለት ልክ አይሆንም። ግን ያ ግማሽ ኪሎ ከታሪኩ አይወጣም።

ከዚያ ወዲህ መቶ ምናምን ዓመት አለፈ። ሌስተር ፒጎት ዘጠኝ ጊዜ ኤፕሰም ደርቢን ሲያሸንፍ ተፈጥሮ ከሰጠችው ክብደት በብዙ ኪሎ ዝቅ ብሎ ኖረ። ቶኒ ማኮይ 1.78 ሜትር ቁመት ይዞ በዝላይ እሽቅድድም ለ20 ተከታታይ ዓመታት ኮከብ ሲሆን የየቀኑ ሥራው ቆዳ በሚልጥ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነበር። በጆኪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የብዙዎቹ አጥንት ከእኩዮቻቸው ሳስቶ መገኘቱን ያሳያሉ። ያልበላ አጥንት ነዋ! ያ አጥንት ደግሞ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሚሮጥ ፈረስ ላይ የሚወድቅ አጥንት ነው። እንግሊዝ አገር በእያንዳንዱ ውድድር አምቡላንስ ከፈረሶቹ ኋላ ይከተላል። ተወዳዳሪውን አምቡላንስ እየተከተለው የሚሮጥበት ሌላ ስፖርት ካለ ንገሩን።

ኑሮውም ቢሆን በቴሌቪዥን እንደምናየው የሐር ልብስ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ጋጣ ደርሶ ፈረስ ማለማመድ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰዓት መኪና እየነዱ ወደ ውድድሩ ከተማ፣ አንዳንዴ ማታ ሌላ ከተማ ላይ ሁለተኛ ውድድር። ክፍያው በግልቢያ ነው፤ ያልጋለበ አይከፈለውም። ከተከፈለውም ላይ ወኪሉ አለ፣ ዕቃ የሚያዘጋጅለት አለ፣ ነዳጅ አለ። ኮከቦቹ ከበርቴ ናቸው፣ ብዙኃኑ ግን የቀን ሠራተኛ ነው። የእንግሊዝ ፈረስ ባለሥልጣናት በኮቪድ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 የዘጉትን የየሜዳውን ሳውና በ2021 ጨርሰው እንዲቀር አደረጉ፤ ዝቅተኛውንም ክብደት በሁለት ፓውንድ ከፍ አደረጉት። ሁለት ፓውንድ አንድ ኪሎ አትሞላም። ይህቺን ለማግኘት ያን ሁሉ ዘመን መፍጀቱ ይገርማል።

ጉና ሥር

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ከደብረ ታቦር የወልድያውን መንገድ ይዞ ጉናን በቀኝ ትቶ የሄደ ሰው ነፋስ መውጫ ይገባል፤ ላይ ጋይንት ነው። ወደ ደቡብ ቢታጠፍ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ። አልፎ ቢወርድ ስማዳ፣ ወገዳ። ወደ ምዕራብ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ። ከላይ በኩል ብርድ የማይለቀው የገብስና የሣር አገር ስለሆነ ፈረስ ይስማማዋል። ወደ በሺሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ግን ፈረሱ እየሳሳ በቅሎና አህያ እየበዛ ይሄዳል። በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፈው የፈረስ በሽታ ቆላ ላይ ፈረስን አያስቀምጥም፤ በቅሎና አህያ ይሻሉታል።

ፈረስና ይህ አገር የቆየ ነገር አላቸው። አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መናገሻ አድርገው የተጠሩት በፈረስ ስማቸው፣ አባ ታጠቅ ተብለው ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር አንቺም ላይ ሲገጥሙ ከላይ አውሮፕላን ቦምብ ይጥል ነበር፤ ራስ ጉግሣ የወደቁት በፈረሳቸው ላይ ሆነው ነው ይባላል። አንቺም ደግሞ ደብረ ዘቢጥ አካባቢ፣ ከነፋስ መውጫ ወደ ወልድያ በሚወስደው በዚሁ መስመር ነው። ከዚያ ወዲህ ፈረሰኛው ከጦር ሜዳ ወደ በዓል ሜዳ ዞረ። ዛሬ የሚታየው በጥምቀት፣ በሠርግ፣ በታላላቅ ሰዎች ለቅሶና በደብረ ታቦሩ የጥር 25 የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል ነው። መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ላይ ሆኖ የሚሳል ሰማዕት ስለሆነ በዓሉ ያለ ፈረስ አይደምቅም። ከዙሪያው ወረዳ ፈረሰኛው እየተጠራራ ይመጣል።

ጉግስን ያላየ ሰው እንደ እሽቅድድም ያስበው ይሆናል። እሽቅድድም ብቻ አይደለም። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ይከተላል፤ ተከታዩ በሽምጥ ግልቢያ ላይ እያለ ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው ሳይዞር በጋሻው ይመክታል ወይም ወደ ፈረሱ ጎን ተኝቶ ያሳልፈዋል። አንድ እጅ ልጓም ላይ ነው፣ አንድ እጅ ዘንግ ላይ። የጥንቱ ፈረሰኛ እርካቡን በአውራ ጣቱ ብቻ ቆንጥጦ ነው ይህን ሁሉ የሚሠራው። ለኳስ ወዳጅ ለማስረዳት ያህል፣ ሮናልዲኒሆ ኳሷን ሳያይ የሚያቀብለውን ፈረስ ላይ ሆኖ አስቡት።

ጋላቢው ማነው? የፈረሱ ባለቤት ራሱ ነው፣ ወይም ልጁ፣ ወይም የወንድሙ ልጅ። እንደ እንግሊዝ ባለሀብቱ ሌላ፣ አሠልጣኙ ሌላ፣ ጋላቢው ሌላ አይደለም። ስለዚህ ኪሎህ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ አይነሳም። ለነገሩ ቢነሳም ብዙ የሚያስጨንቅ አልነበረም። የጉግሱ ወቅት የሚመጣው ከጾመ ነቢያት በኋላ ነው፤ አርባ ምናምን ቀን ጥሉላት ሳይቀምስ የከረመ ገበሬ ያለ ሳውና ቀጥኖ ነው ጥምቀት የሚደርሰው። ፈረሱ ደግሞ በተቃራኒው ከመኸር በኋላ ቃርሚያና ገለባ አግኝቶ ሰውነቱ ተመልሷል። ቀጭን ሰው፣ የጠገበ ፈረስ። ኒውማርኬት ላይ በሐኪምና በምግብ ባለሙያ የሚፈለገውን ነገር እዚህ የቀን መቁጠሪያው ራሱ ይሠራዋል። (ስማዳና ጋይንት ዝናብ ሲጠፋ በእርዳታ እህል የሚከርሙ ወረዳዎች ናቸውና ቅጥነቱ ሁሉ በጾም ብቻ የመጣ አድርገን አናስውበው።)

ነገር ግን ሒሳቡን ስንሠራ ሌላ ነገር ይወጣል። የእንግሊዙ የእሽቅድድም ፈረስ ወገቡ ላይ 1.60 ሜትር ገደማ ቁመት አለው፣ ክብደቱ ግማሽ ቶን ይጠጋል። የእኛ የደጋ ፈረስ ቁመቱ 1.30 አካባቢ ነው። ክብደቱን 250 ኪሎ ብንለው የተጋነነ አይሆንም። እንግዲህ 65 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ከእንጨት ኮርቻው፣ ከግላሱ፣ ከጋሻው ጋር 75 ኪሎ ቢደርስ፣ ፈረሱ የተሸከመው የራሱን ክብደት 30 በመቶ ነው። የእንግሊዙ ፈረስ 52 ኪሎ ሲሸከም 10 በመቶ ቢሆን ነው። የፈረስ ሐኪሞች በተለምዶ የሚመክሩት ጭነቱ ከ20 በመቶ እንዳይዘል ነው። ኪሎ የሚያስጨንቀው አገር ፈረሱ የማይከብደው አገር ነው፤ ፈረሱ የሚከብደው አገር ውስጥ ግን ሚዛን ያሰበ የለም። ያ ፈረስ በዓሉ ሲያልፍ ወደ ወፍጮና ወደ ገበያ ጭነት ይመለሳል፣ ጀርባው ቢላጥም ኮርቻው ይሸፍነዋል።

ቀላል ሰው ፍለጋ

እስካሁን ያየነው በዓል ነው፤ በበዓል ላይ የሚገኘው ክብር ነው። ሽልማት ሲመጣ ግን ጨዋታው ይለወጣል። አዊ ዞን ውስጥ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚያሳየው ትርዒት ምን ያህል እንግዳ እንደሚስብ አይተናል። ቱሪስት ሲመጣ ስፖንሰር ይመጣል፣ ስፖንሰር ሲመጣ ጥሬ ገንዘብ ይመጣል። ጋይንትና እስቴም ይህን ማግኘት ይገባቸዋል፣ ማን ይጠላል? ግን በ250 ኪሎ ፈረስ ላይ በፍጥነት ለሚደረግ ውድድር ገንዘብ ካስቀመጥክ ባለፈረሱ ሁለተኛ ቀን አያድርም፤ 65 ኪሎውን ጎልማሳ ያወርድና የአሥር ዓመት ልጁን ያወጣዋል። ልጁ እንደሆነ ፈረስ ውኃ ሲያወርድ፣ ግጦሽ ሲያሰማራ በባዶ ጀርባ ሲጋልብ ያደገ ነው። ችሎታው አለ። 28 ኪሎ ነው። በሃንዲካፕ ቋንቋ ከተናገርን ይህ በጎል ሳይሆን በግማሽ ጨዋታ መብለጥ ነው።

ይህን ከአየር አልፈጠርነውም። ሞንጎሊያን ተመልከቱ። ፈረሳቸው እንደ እኛው አጭር ነው። በዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በተመዘገበው ናዳም በተባለው በዓላቸው የሚጋልቡት ሕፃናት ናቸው፤ ሜዳውም ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ ነው። አገሩ ባህሌ ነው ይላል፣ የሕፃናት መብት ተከራካሪው ደግሞ የሚወድቁትን ይቆጥራል። ባህል ሆኖ የጀመረው ላይ ውድ ሽልማት ሲጨመርበት ክርክሩ እየከረረ ነው የመጣው።

የባሰው ከባሕር ማዶ ጎረቤቶቻችን ያየነው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በግመል እሽቅድድም ላይ የሚቀመጡት ከባንግላዴሽ፣ ከፓኪስታን፣ ከሱዳንና ከሞሪታኒያ የተወሰዱ ሕፃናት ነበሩ፣ አንዳንዱ አምስት ዓመት ያልሞላው። እንዳይወፍሩ እየተባለ ምግብ ይቀነስባቸው ነበር። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2002 ከ15 ዓመት በታች ወይም ከ45 ኪሎ በታች የሆነ እንዳይጋልብ ብሎ አገደ። ልብ በሉ፣ ዕድሜ ብቻ አላሉም፣ ኪሎም ጨምረዋል። ሕጉ ጥሩ ነበር፤ የሚመዝን ግን ጠፋ። ልጆቹ እስከ 2005 ግመል ላይ ነበሩ። በዚያ ዓመት ነው ጠንከር ያለው ሕግ የወጣው፣ በዩኒሴፍ በኩል ከሺህ በላይ ልጆች ወደየአገራቸው መመለስ የጀመሩት፣ ግመሉ ላይም ጥቂት ኪሎ የምትመዝን ሮቦት የወጣችው። ቀላል ሰው ፍለጋው የት ድረስ እንደሚሄድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም፤ መጨረሻው ሰው አለመሆን ሆነ።

የእህል ነጋዴው ሚዛን

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽንም ሆነ ዞኑ በጋይንት መስመር ሽልማት ያለው ግልቢያ ሲያዘጋጅ ደንቡ ውስጥ ከዋንጫው በፊት ኪሎ ይግባ። ዝቅተኛ ኪሎ። ከ50 ኪሎ በታች የሆነ አይጋልብም ቢባል የአሥር ዓመቱ ልጅ በራሱ ጊዜ ይቀራል።

ዕድሜ ብቻ ብንጽፍስ? በዚህ ላይ የእግር ኳስ ቤተሰብ ከማንም በላይ ልምድ አለው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማየት የጀመረው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በታዳጊ ውድድር ትልቁ ሰውዬ ትንሽ ይሆናል፤ በፈረስ ውድድር ደግሞ ትንሹ ልጅ ትልቅ ይደረጋል። በሁለቱም ፍርዱን የሚሰጠው የቀበሌ ወረቀት ነው። ስማዳ ገጠር ውስጥ የተወለደ ልጅ የልደት ካርድ የት አለው? ሚዛን ግን መታወቂያ አይጠይቅም፣ ዘመድም የለውም።

ለፈረሱ ከባድ አይሆንም ወይ የሚል ጥያቄ ቢነሳ፣ ጥያቄው ትክክል ነው። ለልጁ ብለን ዝቅተኛውን ከፍ ባደረግን ቁጥር ፈረሱ ላይ እንጭናለን። መልሱ ከላይም ጣሪያ ማስቀመጥ ነው፤ ከ65 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው በእሽቅድድሙ አይጋልብ፣ ጉግሱ ላይ ችሎታውን ያሳይ። እርቀቱም ይጠር። ሞንጎሊያን ያስቸገራት ሕፃኑ ብቻ አይደለም፣ ሜዳው ከአሥር ኪሎ ሜትር ማለፉም ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ለሚያይ ሰው በቂ ነው፣ ለፈረሱም ደህና ነው። በ50 እና በ65 መካከል ያለ ገበሬ ደግሞ በእነዚያ ወረዳዎች ሞልቷል። ማንም ሳውና መግባት አይኖርበትም። ከ51.7 እስከ ምናምን እያሉ ሰው ከሚያስርቡት እንግሊዞች የምንሻልበት አንድ ነገር ቢኖር ይሄው ነው።

እርግጥ ነው፣ ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የጦርነት ቀጣና ሆና ሰንብታለች፤ ከ2015 መጨረሻ አንስቶም ክልሉ በግጭት ውስጥ ገብቷል። በዚህ መሀል ስለ ፈረሰኛ ኪሎ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ግን ሰላም ሲሆን ቀድሞ የሚደርሰው ፌስቲቫሉና ሽልማቱ ነው። ባለፈረሱ አንዴ ልጁን አውጥቶ ካሸነፈ በኋላ ደንብ ይዞ መሄድ ከሰውየው አፍ ጉርሻ መንጠቅ ነው የሚሆነው፤ ማን ይሰማል?

ገንዘብም አይጠይቅም። አርብ ገበያና መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ ጤፍና ገብስ የሚመዝን ነጋዴ ሁሉ ሚዛን አለው፤ የገበሬው ዓይን የሚያምነውም እሱኑ ነው። ለአንድ ቀን ሜዳ ዳር ይቀመጥ፣ በሕዝብ ፊት ይመዘኑ፣ ቁጥሩም ጮክ ተብሎ ይነገር። ኤምሬቶች ላይ ሕጉን የገደለው ምስክር አለመኖሩ ነው፤ እዚህ ሺህ ምስክር አለ። ለወደቀ ደግሞ መኪና ይቁም፣ ምክንያቱም አጥንት የሚጠግን ሐኪም ፍለጋ ደብረ ታቦር ድረስ የሚያስኬድ ጉዳት ቢደርስ ከስማዳ መንገዱ ቀላል አይደለም።

የሚቀረው የኮርቻው ነገር ነው። እንግሊዞች ኮርቻውን ከሰውየው ጋር ይመዝናሉ፤ የእነሱ ኮርቻ አንዳንዱ አንድ ኪሎ አይሞላም። የእኛ ግን እንጨት አለው፣ ቆዳ አለው፣ ላዩ ላይ ግላስ፣ አንገቱ ላይ ጌጥ። አብሮ ይመዘን ከተባለ ፈረሰኛው ሁሉ ኪሎ ለማትረፍ ሲል ግላሱን እቤት ትቶ ጌጡን ፈትቶ ሊመጣ ነው፤ ጥምቀት ላይ ደግሞ ራቁቱን የመጣ ፈረስ ማየት የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ሰውየው ብቻውን ይመዘን፣ ፈረሱ ከነጌጡ ይግባ።